የጤና ትምህርት ለምትመርጥ ልጅ፦ ከዲግሪው ስም በፊት የሙያ ፈቃዱን እዩ

የቀረበው ጥያቄ፦ «የምንኖረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ነው። ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ከ600 412 አመጣች። ባዮሎጂ 82፣ ኬሚስትሪ 78፣ እንግሊዝኛ 74፣ አፕቲትዩድ 65፣ ፊዚክስ 58፣ ሒሳብ 55። ጤና ነው የምማረው ብላለች። አባቷ ‹ሜዲስን ካልሆነ ዋጋ የለውም› ይላል። እሷ የምትወደው ኬሚስትሪ ነው፤ ደም አይታ አንድ ጊዜ ራሷን ስታ ወድቃለች። አክስቷ ደግሞ ‹ክፍለ ሀገር ከምትመደብ እዚሁ ሰፈር ካለው የግል ኮሌጅ ነርሲንግ ትግባ› ትላለች። ታናናሾች ስላሏት ቶሎ ሥራ ብትይዝ ለቤታችን ትልቅ ነገር ነው። ምን ትምረጥ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። 412 ከማለፊያው ከ300 በብዙ የራቀ ውጤት ነው፤ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ነጥቧም ለጤና ትምህርት ጥሩ መሠረት ነው። ቤት ውስጥ የተነሣውን ክርክር ግን ትንሽ አብርዱት። መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው በፍሬሽማን ነው። ሜዲስን፣ ፋርማሲ፣ ነርሲንግ የሚለው ድልድል የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አሁን የሚወሰነው የት ትማር የሚለው ሲሆን፣ ምን ትማር የሚለውን በደንብ ለማየት አንድ ዓመት ገደማ አላችሁ። የአክስቷ ሐሳብ ይህን ዓመት ይቆርጠዋል፤ የግል ኮሌጅ የምትገባ ልጅ ሙያዋን የምትመርጠው በምዝገባው ቀን ነው።

ጤናን ከሌላው ትምህርት የሚለየውን አንድ ነገር አስቀድሜ ላስረዳ፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የተማረ ሰው ዲግሪውን ይዞ ባንክም ሆነ ድርጅት ይቀጠራል። በጤና ግን ዲግሪ ብቻውን በር አይከፍትም። ታካሚ ለመንካት፣ መድኃኒት ለማደል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ላይ ለመፈረም የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ላይ ደግሞ አንድ የተወሰነ የሙያ መጠሪያ ይጻፋል፤ የሥራ ማስታወቂያውም፣ የመንግሥት የሥራ መደቡም፣ የግል ክሊኒክ መክፈቻ መስፈርቱም የሚጠይቀው ያንን መጠሪያ ነው። ስለዚህ ስሌቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ሥሩት። ፈቃድ ለማግኘት ሰዉ ሲኦሲ የሚለውን የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ለእነዚህ ፈተናዎች ለመቀመጥ ፕሮግራሙ እውቅና ያለው መሆን አለበት። እውቅና ባለው ፕሮግራም ለመመዝገብ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ማለፊያ ነጥብ ያስፈልጋል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ የአራትና የአምስት ዓመት ድካም ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ሚዛን ሲታዩ ከጤና ጋር የሚመሳሰሉ ግን የጤና ባለሙያ ፈቃድ የማያሰጡ ዲግሪዎች አሉ። ባዮሎጂ፣ ባዮቴክኖሎጂ፣ ኬሚስትሪ እንደዚያ ናቸው። ጥሩ ትምህርቶች ናቸው፤ ግን ባዮሎጂ ተምሮ ሆስፒታል ላቦራቶሪ እገባለሁ ብሎ የሚያስብ ተማሪ የሚነቃው ከተመረቀ በኋላ ነው። ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግም የሆስፒታል መሣሪያዎችን የሚጠግንና የሚያስተዳድር ትልቅ ሙያ ነው፤ ሆኖም በኢንጂነሪንግ በኩል ስለሚገባ ሒሳብና ፊዚክስ ይበዛበታል። የልጅዎ ደካማ ጎን ያ ነውና ወደዚያ አልመራትም።

አሁን ወደ ሙያዎቹ እንምጣ። ሁሉንም እኩል አልዘረዝርም፤ እሷን የሚመለከቱት ላይ እቆያለሁ።

ከሜዲስን ልጀምር፤ የአባቷ ሐሳብ ክብደት ስላለው ሊናቅ አይገባም። ትምህርቱ ፍሬሽማንና ኢንተርንሺፕ ሲደመር ወደ ሰባት ዓመት ይጠጋል። መጀመሪያ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ የሚበዛበት ፕሪክሊኒካል ነው። ቀጥሎ ዋርድ፣ ማለትም ሕሙማን የተኙበት ክፍል፣ የሚገባበት ክሊኒካል ይመጣል። የመጨረሻው ዓመት ደግሞ ሌሊቱን ሳይተኙ ታካሚ ተቀብለው፣ ጠዋት ራውንድ ላይ ለሲኒየር የሚያቀርቡበት ኢንተርንሺፕ ነው። ሲመረቁ የሚገኘው ፈቃድ የጠቅላላ ሐኪም ነው። ሰው «ስፔሻሊስት» የሚለው ገና ወደፊት ነው፤ አገር አቀፍ የሬዚደንሲ መግቢያ ፈተና ተወዳድሮ፣ እንደ ዘርፉ ከ3 እስከ 5 ዓመት ተጨማሪ ይማራል። ከዛሬ ተነሥተው ቢቆጥሩ ከአሥር ዓመት በላይ ነው። ድሮ ጤና ሚኒስቴር ተመራቂ ሐኪሞችን በሙሉ ይመድብ ነበር፤ አሁን ሁሉም ተመራቂ ወዲያው የሚመደብበት ጊዜ አልፏል፣ ፈቃድ ይዘው ሥራ የሚጠብቁ ወጣት ሐኪሞችም አሉ። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፤ «ቶሎ ሥራ ብትይዝ» ያሉት ከሜዲስን ጋር አብሮ ስለማይሄድ ነው። ልጅቷ ራሷ ሜዲስንን ከልቧ ከፈለገችው የዓመቱ ብዛት ሊከለክላት አይገባም። ጥያቄዎን ደጋግሜ ሳነብ ግን «ሜዲስን» የሚለው ከአባቷ አፍ ነው፤ ከእሷ አፍ የወጣው «ኬሚስትሪ» ነው። ሰባት ዓመት የሚገፋው የራስ ፍላጎት ነው፤ የቤተሰብ ግፊት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ዓመት ላይ አናቶሚ ሲከብድ ያልቃል።

ፋርማሲ። ለእርሷ አንደኛ አድርጌ የማስቀምጠው ይህን ነው። ፍሬሽማንን ጨምሮ 5 ዓመት ይፈጃል። ኬሚስትሪ የምትወድ ልጅ ሜዲሲናል ኬሚስትሪና ፋርማሲዩቲክስ ውስጥ ቤቷን ታገኛለች፤ አንድ ንጥረ ነገር ለምን በአፍ ሲወሰድ እንደሚሠራና ለምን በመርፌ ብቻ እንደሚሰጥ፣ ለምን አንዱ እንክብል ተሰብሮ ሌላው ሳይሰበር እንደሚዋጥ የሚመለሰው እዚያ ነው። የመጨረሻዎቹ ጊዜያት ሆስፒታል ውስጥ፣ ዋርድ ላይ የሚያልፉ ናቸው።

ሰው ፋርማሲስትን «መድኃኒት ሻጭ» ብሎ ስለሚያስብ ነው ወላጆች የሚያፍሩበት። የሥራውን ፍሬ ነገር በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። የልብ ቫልቭ ችግር ያለባት ሴት ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች። የሽንት ኢንፌክሽን ይዟት ሌላ ቦታ ስትታከም ኮትሪሞክሳዞል ይታዘዝላታል። ሁለቱ ሲገናኙ የዋርፋሪን ጉልበት ይጨምርና ሴትየዋ ልትደማ ትችላለች። ከሆስፒታል ወጥታ መድኃኒቱን ከመውሰዷ በፊት የሚያያት የመጨረሻው ባለሙያ ከመስኮቱ ጀርባ የቆመው ፋርማሲስት ነው። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብሎ ካልጠየቀ ማንም አይጠይቅም። ሥራው ይህ ነው።

መውጫ መንገዱም ብዙ ነው። የሆስፒታል ፋርማሲ፣ የሰፈር ፋርማሲ፣ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት፣ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ቂሊንጦ ባለው የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎች ሁሉ ፋርማሲስት ይፈልጋሉ። አንዱ በር ሲጠብ ሌላውን መሞከር ይቻላል፤ ለእኔ ትልቁ ሚዛን ይህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አሁኑኑ ይወቁት። ከተመረቀች በኋላ «ፈቃድሽን አከራዪን፣ አንቺ ሳትመጪ በየወሩ እንከፍልሻለን» የሚል ባለ ፋርማሲ ይመጣል። በማታውቀው ቀን በማታውቀው ሰው የተሰጠ የተሳሳተ መድኃኒት ተጠያቂነቱ በስሟ ነው፤ ፈቃዷንም ሊያስነጥቃት ይችላል። ችግር ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ገንዘብ እንደ በረከት እንዳያየው።

ሁለተኛ የማስቀምጠው የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ነው፤ 4 ዓመት። «ደም ታያለች እኮ!» እንዳይሉኝ፤ በቱቦ ውስጥ ያለ ደምና ከቁስል የሚፈስ ደም ለሚፈራ ሰው አንድ አይደሉም፤ ብዙዎች የመጀመሪያውን በጥቂት ሳምንት ይለምዱታል። ሙያው ለጥንቁቅና ለዝምተኛ ሰው ይስማማል። ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ለማየት ይህን ይመልከቱ፦ ደም ሲቀዳ በጉልበት ከተሳበ ወይም ቱቦው በኃይል ከተናጠ ቀይ የደም ሴሎች ይፈርሳሉ። በውስጣቸው ያለው ፖታሺየም ወደ ሴረሙ፣ ማለትም ከሴሎቹ ተለይቶ ወደሚመረመረው የደም ፈሳሽ፣ ይወጣል። ማሽኑ በታማኝነት «ፖታሺየም ከፍተኛ» ብሎ ያወጣል። ሐኪሙም ለሌለ በሽታ መድኃኒት ያዝዛል። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የሴረሙን መቅላት አይታ «ይህ ናሙና እንደገና ይቀዳ» ካላለች ስህተቱ ታካሚው ጋ ይደርሳል። ደም ባንክ ላይ ደግሞ የደም ዓይነት ማምታታት በቀጥታ ነፍስ ያጠፋል። እዚህ ሙያ ውስጥ ቀለም መለየት የግድ ነው፤ ግራም ስቴይን በሚባለው የማቅለሚያ ምርመራ ባክቴሪያው ወይን ጠጅ ሆኖ ታየ ወይስ ሮዝ የሚለው ሕክምናውን ይወስናል። የቀለም አለመለየት ችግር በሴቶች ላይ ብርቅ ነው፤ ቢሆንም የዓይን ክሊኒክ ሄዶ የኢሺሃራ ምርመራ ማድረግ ጥቂት ደቂቃ ነውና አስደርጉት። የላቦራቶሪ አንዱ ጉድለት መንገዱ ከፋርማሲ ጠበብ ማለቱ ነው። ሥራው በአብዛኛው ያው ላቦራቶሪ ነው፤ ሪኤጀንት የሚባለው የምርመራ ኬሚካል ባለቀ ቁጥርም ባለሙያው እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ቀን አለ።

ነርሲንግን አክስቷ ያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትኛውም ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ በብዛት የሚቀጥረው ነርስ ነው። ውጭ አገር መሥራት ለሚያስብም በደንብ የተጠረገው መንገድ የነርሶች ነው፤ አሜሪካ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች የፈቃድ ፈተና፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ የሰነድ ማጣራትና የራሳቸውን ፈተና ይጠይቃሉ። ግን ነርሲንግ ለሰው ቅርብ መሆንን፣ ሌሊት መቆምን፣ ሰገራና ማስታወክን ሳይጸየፉ መንካትን ይጠይቃል። ሒሳብም ይጠይቃል። 12 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 15 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ቢታዘዝ 180 ሚሊግራም ይሆናል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ከያዘ የሚሰጠው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ይህን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሌላ ሕፃን እየጮኸ፣ ሳይሳሳቱ መሥራት ነው ነርስነት። ልጅዎን ይህችን ሒሳብ ስጧትና እዩ፤ ሒሳብ 55 ያመጣችው ቀመሩ ከብዷት ነው ወይስ ትኩረት ጎድሏት የሚለው ይታያችኋል።

ነርሲንግ ውስጥ ከመጀመሪያው ዲግሪ ጀምሮ የተለዩ ዘርፎች አሉ፦ የሕፃናት፣ የቀዶ ሕክምና፣ የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን፣ የአእምሮ ሕክምና ነርሲንግ። ስማቸው ይማርካል። ግን የፈቃዱ መጠሪያ ጠባብ በሆነ ቁጥር የሚወዳደሩበት የሥራ ማስታወቂያም ጠባብ ይሆናል። አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ «ነርስ» ብሎ ሲያወጣ የተለየውን ዘርፍ የሚያስተናግድ መደብ ላይኖረው ይችላል። መጀመሪያ ሰፊውን ይዞ በማስተርስ መለየት ይሻላል እላለሁ።

ሚድዋይፈሪ (አዋላጅነት) ደም ለሚፈራ ሰው ከሁሉም በላይ ከባዱ ነው፤ ወሊድ ላይ የሚፈሰውን መገመት፣ መመዘንና ማቆም የሥራው እምብርት ነው። የሰመመን ሕክምና ባለሙያ ተፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ታካሚው ትንፋሽ ሲያቋርጥ በሴኮንዶች ውስጥ ሳይደናገጥ የሚወስን ሰው ይፈልጋል። ራዲዮሎጂ ቴክኖሎጂ ለሴት ልጅ መጥፎ ነው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ የጨረር መለኪያ ባጅ አድርጎ፣ ከመከላከያው ግድግዳ ጀርባ ቆሞ፣ እርግዝና ሲኖር ቀድሞ አሳውቆ የሚሠራ ባለሙያ በተፈቀደው መጠን ውስጥ ይቆያል። የግል ምርመራ ማዕከላት በበዙበት መሀል አዲስ አበባ ደግሞ ሥራ አለው።

ጤና መኮንን ታሪኩ የቆየ ነው፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲጀመር የታሰበው ሐኪም በሌለበት ገጠር ጤና ጣቢያ የሚመራና የሚያክም ሰው ለማውጣት ነበር። ዛሬም የወረዳ ጤና አመራርንና የኅብረተሰብ ጤናን ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። መሀል አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ እሠራለሁ ብሎ ለሚመርጠው ግን ቦታው ጠባብ ነው። «ኋላ ሜዲስን እገባበታለሁ» ብሎ የሚመርጠውም አለ፤ በሌላ ሙያ በኩል ወደ ሜዲስን መሻገር በየጊዜው የሚከፈትና የሚዘጋ መንገድ ስለሆነ የሕይወት ዕቅድ አይሠራበትም።

ስለ መውደቋ። ደም አይቶ ራስን መሳት በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ የልብ ምት ይዘገያል፣ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ አንጎል ደም ያጥረዋል። የሜዲስንና የነርሲንግ ተማሪዎችም የመጀመሪያ ቀን ይደርስባቸዋል። ቁርስ በልቶ መግባት፣ ውኃ መጠጣት፣ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ አለመቆም፣ ሲያዞር ደግሞ የእግርና የሆድ ጡንቻን ለ10 ወይም 15 ሴኮንድ አጥብቆ መልቀቅና መደጋገም ይረዳል። አንድ ጊዜ መውደቅ ሙያ አይከለክልም። ደም ሳታይም የምትወድቅ ከሆነ ግን ሐኪም ይያት፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ለመፈተን የሚሆን ጥሩ ቦታ አለ፦ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። ቁስል መጠቅለል፣ ደም ማቆም በእጇ ስትሠራ ፍርሃቱ የሚለቃት ወይም የማይለቃት መሆኑን ታውቀዋለች። ከወሬና ከግምት ሁሉ ይበልጣል።

አሁን ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ቦታ፤ ፍሬሽማን። ልጆች የ12ኛ ክፍል ጭንቀት ስላለፈ ያርፉበታል። ድልድሉ ግን በዋናነት የሚሠራው በፍሬሽማን ውጤት ነው፤ ብዙ ቦታ የ12ኛ ክፍሉ ነጥብም ይደመርበታል። ቁጥሩን እናስላው። አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ ኤ 12 ነጥብ ያስገኛል፣ ቢ ደግሞ 9። ዓመቱ 30 ክሬዲት ቢሆን በአንድ ኮርስ ከኤ ወደ ቢ መውረድ ጠቅላላ ውጤቱን በ0.1 ይቀንሳል። በሦስት ኮርስ ከወረደች ከ4.0 ወደ 3.7 ትመጣለች፤ በዚህች ልዩነት ሜዲስን የሚዘጋበት ግቢ አለ። ተማሪዎች የሚንቋቸው ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ ክሬዲታቸው ከፊዚክስና ከሒሳብ የሚያንስ አይደለም። የልጅዎ እንግሊዝኛ 74 ነው፤ እነዚህ ኮርሶች በእንግሊዝኛ ንባብ የሚሠሩ ስለሆኑ ጉልበቷ እዚህ ነው። ሒሳብና ፊዚክሱ ላይ የምታጣውን እዚህ ትመልሰዋለች። ለፍሬሽማን ሒሳብ ግን ከመሄዷ በፊት ባሉት ሳምንታት የ11ኛና 12ኛ ክፍልን ትከልስ፤ ጅማሬው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሌላው፣ ኢንጂነሪንግ የሚገቡት ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ስለሚለዩ ጤና የምትፈልግ መሆኗን በዚያ ሰዓት አምታታ እንዳትሞላ።

የት ትማር? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የጤና ሳይንስ ኮሌጁና ጥቁር አንበሳ ከቤታችሁ በእግር የሚደረስ ነው። ሰፈሯ ላይ መማር ትልቁ ምኞታችሁ ከሆነ መንገዱ ይህ ነው፤ የምዝገባው ቀን አጭር ስለሆነ ማስታወቂያውን በየቀኑ ተከታተሉ፤ በመንግሥት ወጪ የሚገባውንና በራስ ክፍያ የሚገባውን ለይታችሁ ጠይቁ። በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ከሆነ ደግሞ ከተማ ላይ አትጨነቁ። ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ሐረማያ የራሳቸው የማስተማሪያ ሆስፒታል ያላቸው ናቸው፤ እንዲያውም እዚያ ያለ ተማሪ በአንድ ታካሚ ዙሪያ የሚጋፋው ሰው ከአዲስ አበባ ሊያንስ ይችላል። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ስትሞላ የከተማውን ስም ሳይሆን የምትፈልጋቸው ሁለትና ሦስት ሙያዎች እዚያ መኖራቸውን ትይ። ፋርማሲ የሌለበት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፋርማሲ መምረጥ አይቻልም፤ ይህን ሳያዩ የሚሞሉ ብዙ ናቸው። ወጪውን በሚመለከት መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት ውል ነው የሚማሩት፤ ማደሪያና ምግብ አለ፣ ክፍያው ከተመረቀች በኋላ ከሥራዋ ነው። ታናናሾች ላሉበት ቤት ይህ ከግል ኮሌጅ የሴሚስተር ክፍያ ጋር አይወዳደርም።

የግል ኮሌጁን ሙሉ በሙሉ አልዘጋውም፤ ደህና የሚያስተምሩ አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን እውቅናውን ከኮሌጁ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሩ። እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ በጠቅላላው አይደለም፤ ለተወሰነ ፕሮግራም፣ ለተወሰነ ደረጃ፣ ለተወሰነ ካምፓስ ነው። አንድ ኮሌጅ በአንዱ ቅርንጫፉ ለነርሲንግ ዲግሪ እውቅና ኖሮት እናንተ ሰፈር ባለው ቅርንጫፍ ላይኖረው ይችላል። ከዚያ ተግባር ልምምዱ የት ሆስፒታል እንደሆነ፣ የጽሑፍ ውል እንዳለ፣ አንድ አስተማሪ አልጋ ዳር ስንት ተማሪ ይዞ እንደሚቆም ጠይቁ። መሀል ከተማ ያሉት ሆስፒታሎች፣ ዘውዲቱም ራስ ደስታም ምኒልክም፣ ከብዙ ተቋም የሚመጡ ተማሪዎች የሚጨናነቁባቸው ናቸው፤ ሃያ ተማሪ አንድ አልጋ ከከበበ ከኋላ ያሉት አሥራ አምስቱ ያዩት የጓደኞቻቸውን ጋዋን ነው። በመጨረሻ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንቱ የመውጫ ፈተናውን እንዳለፉ ጠይቁ። መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷል።

እንግዲህ ጠቅለል ያለ ፍርድ ስለጠየቁኝ ልስጥዎት፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ፈተና ትውሰድ፤ ካልሆነ ምደባዋን ትቀበል። ከፍሬሽማን በኋላ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ ነርሲንግ ብላ በቅደም ተከተል ትሙላ። ሜዲስንን ከላይ የምታስገባው በዚያ ዓመት ውስጥ እሷ ራሷ ፈልጋው፣ ውጤቷም ከፈቀደ ነው። አባቷን ለማሳመን ከመከራከር ይልቅ አንድ የሚያውቁትን ፋርማሲስትና አንድ ወጣት ሐኪም ቤት ጠርተው ቡና ላይ ያስቀምጧቸው፤ ተመርቀው ሥራ እስኪይዙ ስንት ወር እንደፈጀባቸው፣ ዛሬ ጠዋት ምን ሲሠሩ እንደዋሉ ይጠይቋቸው።

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ልጨምር፤ ዘግይተው ሲገኙ ብዙ ያስከፍላሉ። አንደኛው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። ሦስት ዙር ነው፤ ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው ስድስት ወር በኋላ ሦስተኛው። ዋርድ ከመግባቷ በፊት ማለቅ ስላለበት በፍሬሽማን ዓመት ትጀምረው፤ በመርፌ መወጋት የትኛውም የጤና ተማሪ የሚደርስበት አደጋ ነው። በልጅነቷ ተከትባ ከሆነ ካርዷን ፈልጉና ለጤና ባለሙያ አሳዩት።

ሁለተኛው ስሟ ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ፣ የፋይዳ መታወቂያዋና የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስሟ፣ የአባቷና የአያቷ ስም ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። አንዱ ላይ ድርብ፣ ሌላው ላይ ነጠላ ፊደል ከተጻፈ ዛሬ ማንም ልብ አይለውም፤ ዲግሪዋ ሲጣራ፣ ፈቃድ ስታወጣ ወይም ሰነዷ ውጭ አገር ሲላክ ግን «ይህ የሌላ ሰው ነው» ተብሎ ይመለሳል። ልዩነት ካለ አሁን፣ ዩኒቨርሲቲ ከመመዝገቧ በፊት፣ መታወቂያውን ከሰርተፊኬቱ ጋር አስተካክሉት፤ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ የሚገለብጠው በምዝገባ ቀን የያዘችውን ነው።